የክረምቱ ምስል በግንቦት ይታዘዝ

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ሲመጥቅ ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል። ደስታውም ይገባ ነበር። እኔን ግን ከማምጠቁ ይልቅ የሚያሳስበኝ ወረፋው ነው። ዛሬ የትኛው ቦታ ፎቶ ይነሳ? የማንስ ጥያቄ ይቅደም?

ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። በዝቅተኛ ምሕዋር ላይ ያለ ሳተላይት ኢትዮጵያን ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ የሚያልፋት በሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። በዚህች ጊዜ ካሜራውን ወደ አንዱ ቦታ ሲያዞር ሌላው ያመልጠዋል። ባትሪውም የምስል ማከማቻውም ልክ አለው። ስለዚህ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይጠብቃል። ከንግድ ሳተላይቶች ደግሞ ቶሎ የፈለገ የበለጠ ይከፍላል።

ሁሉም በትዕዛዝ አይሠሩም። የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ጥንድ ሳተላይቶች በቋሚ ዕቅድ የብሱን በየ5 ቀኑ ያነሳሉ፤ ምስሉም በነፃ ነው። ለሰብል ክትትል ግሩም ናቸው። ክረምት ሲገባ ግን ደመናው ይጋርዳቸዋል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን እናስታውስ። ናዳ የዋጣቸውን ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ የሮጡ ሰዎች ራሳቸው ሌላ ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። በሐምሌ እዚያ ተራራ ላይ ተራ ካሜራ ማዘዝ የደመና ፎቶ መግዛት ነው። በደመናም በጨለማም የሚያየው የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ከመሬት ሲመለስ የሚያነበው ራዳር ነው።

ራዳር ግን የራሱ ጣጣ አለው። ገደላማ ቦታ ላይ አንዱን ጎን ሲያይ ሌላው ይሰወርበታል። ስለዚህ ሳተላይቱ ወደ ሰሜን ሲወጣም ወደ ደቡብ ሲወርድም እንዲያነሳ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መሬቱ መንሸራተቱ የሚታወቀው በዚያው መስመር ቀደም ብሎ ከተነሳ ምስል ጋር ሲነጻጸር ነው። የቀደመው ምስል ከሌለ የኋለኛው ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚሠራ ዓለም አቀፍ የአደጋ ቻርተር የሚባል የጠፈር ድርጅቶች ስምምነት አለ። ጥያቄ ሲቀርብለት የአባላቱን ሳተላይቶች አስተባብሮ ምስል በነፃ ይሰጣል። ጥሩ ነገር ነው፤ የሚነቃው ግን በአብዛኛው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ከአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጋር ሆኖ ለናዳ የተጋለጡ ወረዳዎችን ዝርዝር በየዓመቱ በግንቦት ያውጣ። የራዳር ትዕዛዙም ያኔውኑ ይግባ። የቅድሚያ ደንቡም ተጽፎ ለሕዝብ ይቅረብ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ጥያቄ ከከተማ ካርታ ይቅደም። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ወረዳም ዝናቡ ሳይጀምር «እኛስ?» ብሎ የሚከራከርበት ጊዜ ያግኝ።