ለማሲንቆ ተጫዋቹ ለቅሶ ለወጣችሁ ሁሉ

ያገሬ ሰዎች፣ በቀብራቸው ላይ ስትንሰቀሰቁ አይቻለሁ። ሱቅ ተዘግቶ፣ ባጃጅ ቆሞ፣ ቅሬው፣ ዕድራችን፣ ድንኳኑን ማንም ሳያሳስበው ተክሎ፣ ሼኹም ቄሱም እኩል ተቀምጠው ነበር። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «የከተማችን ደስታ» ተባሉ። ለሞተ ማልቀስ ደግ ነው፤ በዚህ አልወቅሳችሁም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ፀጉራቸው የሸበተውን ሰው እስከ መጨረሻው ሰርግ ድረስ «አንተ፣ ና ተጫወት» እያልን ስንጠራ ኖረን፣ ሬሳቸው ፊት አንቱታውን ከየት አመጣነው?

በሠልስቱ ዕለት የመጨረሻ ልጃቸው «የአባቴ ድምፅ ያለው ሰው ይስጠኝ» ብላ ለመነች። ሁሉም ስልኩን አወጣ፤ የሰርግ ፊልም ያለው ወደ ቤቱ ሮጠ። በዚህ ከተማ እሳቸው ያልቆሙበት ድግስ ጥቂት ስለሆነ ፊልሙ አልጠፋም። አሉበትም። ጥግ ላይ ናቸው፤ ካሜራው ሙሽሮቹን ሲከተል ግማሽ ትከሻቸውን አግኝቶ ያልፋል። ደጋኑ ይመላለሳል፣ ጣታቸው ጭራው ላይ ይወርዳል ይወጣል፣ አፋቸው ይከፈታል። የሚሰማው ግን ሌላ ሰው ነው። ቀራጩ ፊልሙን ሲያቀናብር የድግሱን ድምፅ አጥፍቶ ስቱዲዮ የተቀዳ የታዋቂ ድምፃዊ ዘፈን ጭኖበታል። እንዲህ እንዲያደርግ የከፈልነውም እኛ ነን፤ «ጥራት ይኑረው» ብለን። ልጅቱ አንዱን እያስወጣች ሌላውን እያስገባች እስኪመሽ አየች። በሁሉም ፊልም ላይ በአባቷ አፍ የሚዘፍነው ሌላ ሰው ነበር።

ይህ የሆነው ደግሞ ወሎ ውስጥ ነው! ባቲ የእኛ፣ አምባሰል የእኛ፣ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ የአገራችንን ስም ይዘዋል እያልን እንግዳ ፊት ደረታችንን እንነፋለን። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም «የእኛ ልጅ» ለማለት የሚቀድመን የለም። ቅኝቱን በየመንደሩ ተሸክሞ የኖረውን፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ላይ ውሎ ማታ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ሰርግ የሚደርሰውን ሰው ግን ከድግሱ ዕቃ አንዱ አድርገን ነው የቆጠርነው። ጠላት እንኳን አዝማሪን ከእኛ በላይ ያውቅ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የግራዚያኒ ሰዎች ጠንቋዩንና ባሕታዊውን ሲለቅሙ አዝማሪውንም አብረው እየለቀሙ የፈጁት፣ ወሬ ከአገር አገር የሚያደርስ፣ የሕዝብን ልብ የሚያነሣሣ እሱ መሆኑን ስለተረዱ ነው። እኛ ስንት ጊዜ «ተቀበል!» እያልን የልባችንን በእሳቸው አፍ ስንናገር ኖረን፣ እሳቸው የሚሉት ቢኖራቸው ብለን አልጠየቅንም።

ስለ አባትነታቸው የምታውቁት ካለ ንገሩኝ። እኔም ያወቅሁት ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ነው። ቀን ቀን እህል በረንዳ ላይ ጆንያ ይሰፉ ነበር። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ፣ እኛ ልጆቻችንን ስንድር፣ እሳቸው ልጆቻቸውን ነቅተው አያገኟቸውም። ሊነጋጋ ሲል ሲመለሱ ግንባራቸው ላይ የለጠፍንባቸው ብር በላብ ርሶ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይመጣል። ባለቤታቸው በቀስታ እያላቀቁ ምድጃው ዳር ያሰጡታል፤ ሲደርቅ በልጆቹ አሮጌ ደብተር መሐል ይገባል። አንደኛው ደብተር የትልቋ፣ ሌላው የወንዱ፣ ሌላው የትንሿ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መበደር ክልክል ነበር። ከእነዚያ ደብተሮች አንዷ መምህርት፣ አንዱ ነርስ ወጥተዋል። እኛ ብሩን ስንለጥፍ የሰጠን መስሎን ለካሜራ ፈገግ እንል ነበር።

የትልቋን ነገር ላነሣው ነው፤ የምትቆጡ ተቆጡ። የወደደችው ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ሲነሣ የልጁ ዘመዶች «የአዝማሪ ልጅ!» ብለው አስቀሩት። አጥንት ቆጠሩ። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን በምናይበት በዚያ ክፉ ዓይን አዩዋት። ዓመት ሳይሞላ ያው ልጅ ሌላ ሲያገባ ሰርጉ ላይ እንዲጫወቱ አባቷን ጠሯቸው። ሄዱም። ሙሽራውን አወደሱ፣ ዘመዶቹን አወደሱ፣ በልተው ጠጥተው እንዲሄዱ ተነገራቸው። በዚያ ድንኳን የነበርን ሁሉ ነገሩን እናውቅ ነበር፤ አንድ ሰው እንኳን ትንፍሽ አላለም። እስክስታውን ወረድነው።

ክፍያውስ? ዲጄውን አልነቅፍም፤ ሥራው ነው። ግን ለዲጄው ከወር በፊት ቀብድ እንከፍላለን፣ ውል እንፈርማለን፣ መብራት ቢጠፋ እንኳን ቀሪውን እንሰጠዋለን። ማሲንቆ ይዞ የመጣውን ሰው ግን ዋጋውን አንጠይቀውም፤ «ሽልማት ያገኝ የለም እንዴ» እንላለን። ሽልማቱ የሰካራሙ ስሜት እንደሞቀ ነው። ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት የቆመ ሰው የቤት ኪራዩን በሰካራም ስሜት ላይ እንዲጥል ማድረግ ነውር ነው፤ ነውር ነው ብሎ የሚናገር ሽማግሌ በመሐላችን አለመኖሩ ደግሞ ሌላ ነውር።

አሁን ሐውልት እናቁም የምትሉ ተነሥታችኋል። መዋጮ መዝገብም ተከፍቷል አሉ። ሲሚንቶውን ተዉትና በየቤታችሁ ፈልጉ። ቀራጮቹ ሳይቀናበር የቀረውን ዋናውን ቅጂ አንዳንዴ በሃርድ ዲስክ ያስቀምጣሉ፤ ሰርጋችሁን ወደ ቀረጸው ልጅ ሂዱና የድግሱን ድምፅ እንዳለ አምጡ በሉት። ድሮ በቴፕ ካሴት የቀዳችሁ አረጋውያን አላችሁ፤ ካሴቱን ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ ልጆቻችሁም ሌላ እንዳይቀዱበት። የተገኘውን አንድ ቅጂ ለልጃቸው፣ አንድ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ አዲስ አበባ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አድርሱ።

ባለቤታቸው በሕይወት አሉ። በወጣትነታቸው አብረዋቸው እየተቀበሉ ይዘፍኑ ነበር፤ ዜማውንም ግጥሙንም ያውቃሉ፣ የትኛው ግጥም ለማን እንደተገጠመ ሳይቀር። አርባቸው ይውጣ። ከዚያ በኋላ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ እሺ ካሉ ጸጥ ያለ ቤት ፈልጋችሁ፣ ጥሩ መቅረጫ ይዛችሁ፣ ዋጋውን እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ፣ እናንተም ሳትከራከሩ ግማሹን በቀብድ ክፈሉ።