የስኳር መለኪያው ሳይሆን ጣቱና ስትሪፑ

የማንጎ ወቅት ነው። ስኳር ያለባቸው አንዲት የባሕር ዳር እናት ማንጎ ልጠው የልጅ ልጃቸውን ያጎርሳሉ፤ እጃቸውን በጨርቅ ጠረግ አድርገው ጣታቸውን ወግተው ይለካሉ። መለኪያው 260 ይላል። ደማቸው ውስጥ ያለው ግን 60፣ ማለትም ዝቅተኛ፣ ሊሆን ይችላል። ያንን ቁጥር አምነው ኢንሱሊን ቢጨምሩ ራሳቸውን እስከ መሳት ሊደርሱ ይችላሉ።

ይህ የተጋነነ የሚመስለው ሒሳቡን ይሥራ። 5 ማይክሮሊትር በሆነች የደም ጠብታ ውስጥ ከጣት ላይ 10 ማይክሮግራም ግሉኮስ ቢሟሟ ንባቡ በ200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያሻቅባል። 10 ማይክሮግራም አንድ ግራም መቶ ሺህ ቦታ ቢከፈል አንዱ ነው፤ አንዲት የስኳር ቅንጣት ከዚያ ብዙ እጥፍ ትከብዳለች። የአልኮል ጥጥ ብቻውን አያጸዳውም። በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያም በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ጣት ደሙን አቅጥኖ ንባቡን ያወርዳልና። ጣትን አጥብቆ መጭመቅም ደሙን ከሥጋ ፈሳሽ ጋር ይቀላቅላል።

መለኪያ ሲሰጥ ማብራሪያው ከቁልፉና ከባትሪው ይጀምራል። መጀመር ያለበት ከጣቱና ደም ከሚነካው ቀጭን የመለኪያ ቁራጭ፣ ከስትሪፑ ነው። መለካት የሚባለው ሥራ የሚሠራው ስትሪፑ ላይ ነው፦ በቀጭኗ ፕላስቲክ ላይ በታተሙት ኤሌክትሮዶች ላይ ኢንዛይምና ኤሌክትሮን አመላላሽ ኬሚካል በደረቁ ተቀብቷል። ደም ሲገባ ኢንዛይሙ ከእያንዳንዱ የግሉኮስ ሞለኪውል 2 ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ አመላላሹ ተቀብሎ ለኤሌክትሮዱ ያስረክባል። ማሽኑ የሚያነበው ይህን በማይክሮአምፒር የሚቆጠር የኤሌክትሪክ ፍሰት እንጂ ስኳሩን አይደለም።

ስለዚህ ኬሚካሉን የነካ ሁሉ ቁጥሩን ይነካል። ሐምሌና ነሐሴ ጣና ዳር ክዳኑ ሳይገጠም ያደረ የስትሪፕ ብልቃጥ እርጥበት ይስባል። ኢንዛይሙ ይደክማል፤ አመላላሹ ፌሪሳይናይድ ከሆነ ደግሞ ደም ሳያገኘው ወደ ፌሮሳይናይድ መለወጥ ይጀምራል፣ ይህም የስኳር ያልሆነ ፍሰት ይፈጥራል። ንባቡ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል። እርጥበት መምጠጫው ያለው ብልቃጡ ውስጥ ስለሆነ ስትሪፕ አውጥቶ በላስቲክ ወይም በወረቀት መያዝ ማበላሸት ነው። አብዛኞቹ አምራቾች ከ30 ዲግሪ በላይ አታስቀምጡ ይላሉ፤ በሚያዝያ ፀሐይ የባጃጅ ዳሽቦርድ ወይም የቆርቆሮ ቤት መስኮት ከዚያ ያልፋል። ማቀዝቀዣም መፍትሔ አይሆንም።

የባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታም ድርሻ አለው። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ያለበት ስትሪፕ ላይ ኦክሲጅን ከአመላላሹ ጋር በኤሌክትሮን ይሻማል፤ እንደ ከፍታ ቦታ ኦክሲጅን ሲያንስ ንባቡ ከፍ ይላል። ከማንጎው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ምርጫ ካለ ግን ግሉኮስ ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ሌላ ኢንዛይም ያለበትን መግዛት ይሻላል። የኢንዛይሙ ስም በመመሪያው ወረቀት ላይ ይጻፋል።

የተበላሸ ስትሪፕ በዓይን ብዙ ጊዜ አይለይም። የሚለየው የግሉኮስ መጠኑ በሚታወቅ መቆጣጠሪያ ፈሳሽ ነው፦ አዲስ ብልቃጥ ሲከፈት በደም ፋንታ አንድ ጠብታ ይደረግና ንባቡ ብልቃጡ ላይ ከታተመው ክልል ጋር ይመሳከራል። ከክልሉ ከወጣ በአዲስ ስትሪፕ ይደገማል፤ ዳግም ከወጣ ያንን ብልቃጥ መጠቀም ይቁም። የባሕር ዳር ፋርማሲዎች ይህን ፈሳሽ ከስትሪፑ ጎን ያስቀምጡ። ሲሸጡም ብልቃጡ ላይ የተከፈተበትን ቀን እንዲጽፍ ለገዢው ይንገሩት፤ አምራቾች ከተከፈተ በኋላ የሚሰጡት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ነው፣ ቀኑ ካልተጻፈ ደግሞ ማንም አያስታውሰውም።