ይገጥማል!

በአማርኛ ውስጥ እንደ "ይገጥማል" ኪሴን ያራቆተኝ ቃል የለም።

አጎቴ ድሮ ወባ መሥሪያ ቤት እያለ የሚነዳት፣ ኋላ በጨረታ ስትሸጥ ራሱ የገዛት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል አለችኝ። ጉልበቱን ሲያመው ለኔ ሰጠኝ፣ "ሰው እንዳታስነካት" ብሎ አስጠንቅቆ። ባለ ሁለት ስትሮክ፣ ማለትም ዘይትና ቤንዚን አብራ የምታቃጥል ስለሆነች ጠዋት ስትነሳ ሰፈሩን በጭስ ታጥነዋለች፣ የጎረቤታችን እትዬ "ቡናው ሳይቆላ ዕጣኑ ቀደመ" ይላሉ። የፊት ጎማዋ 21 ኢንች ነው፣ የኋላዋ 18። ይቺን 18 ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

አንድ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። የቱ ጉድጓድ እንዳትሉኝ፣ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ አላችሁ። የኋላ ቸርኬዋ እንደ ችፕስ ተጣመመ፣ ሽቦዎቹ ግማሾቹ ተበጠሱ፣ ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት የመሀሉ ብረት፣ ሞዞው ሳይቀር ተሰነጠቀ። ሙሉ እግር፣ ጎማውን ከነቸርኬው ከነሞዞው መግዛት ነው እንግዲህ። ሶማሌ ተራን ዞርኩት፣ እዛ የሚወራው ሁሉ መኪና ነው፣ ከዛ ምናለሽ ተራ ወረድኩ፣ አንዱ ልጅ "የዲቲ እግር?" ብሎ የሞተ ሰው ስም የጠራሁ ያህል አየኝና ከብረት ክምር ውስጥ አንድ ጎማ ጎትቶ አወጣ።

"ይቺ የቦክሰር ናት፣ ትገጥምልሃለች።"

"17 ናት እኮ! የኔ 18 ነው።"

"ወንድሜ፣ አንድ ኢንች ለማን ይታያል?"

እውነት ለመናገር የህንዱ ሞተር የቦክሰር ትሁን አትሁን እስከዛሬ አላወቅኩም፣ መካኒኩ "የቲቪኤስ ናት" አለ፣ እሱም ህንድ ነው፣ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ያሉት አባባ ደግሞ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና "ቻይና ናት" አሉ። ዘሯን በተመለከተ ሦስቱ አልተስማሙም፣ መግጠሟን በተመለከተ ግን አንዳቸውም አልተጠራጠሩም።

እኛ አገር "አይገጥምም" የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። "አይገጥምም" ያለ መካኒክ "አልችልም" እንዳለ ነው የሚቆጠረው፣ ደንበኛው ተነስቶ ማዶ ያለው ጋ ይሄዳል፣ ማዶ ያለው ደግሞ ገና ሳያይ "ይገጥማል" ይላል። እኛ ቤት ያሉት ድስቶች በሙሉ የሌላ ድስት ክዳን ነው የደፉት፣ የሪሞቱ ባትሪ መክደኛ ፕላስተር ነው፣ የፍሪጁ በር ላስቲክ የፍሪጅ መሆኑን ራሱ እጠራጠራለሁ። ለሠርግ የተዋስኩትን ሱፍ እናቴ ትከሻው ላይ እየጎተተች "ልክህ ነው" ስትለኝ እጄ ከክርኔ ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር የሚታየው።

መካኒኩ ጋ ወሰድኳት። ሰውየው ባለቅኔ ነው፣ "ትንሽ ትነካካለች እንጂ ትገባለች" አለኝ፣ ሰሙ "ትንሽ" ነው፣ ወርቁን በኋላ በብር ፈታሁት። በነገራችን ላይ ጋራዥ ስትገቡ ጣሊያን ከወጣ 80 ዓመት እንዳለፈው ትጠራጠራላችሁ፣ ፔርኖ፣ ቦኮላ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ አርበኞቹ ከተማውን ነፃ ሲያወጡ እዚህች ግቢ ሳይደርሱ የቀሩ ነው የሚመስለው። እና የጃፓን ሞተር ላይ የህንድ ወይ የቻይና ጎማ በጣሊያንኛ እየተሰደበ በአማርኛ ሊገጠም ነው።

ፔርኖው፣ ጎማዋን የሚይዘው ዘንግ፣ አልገባም። የኔ ፔርኖ 15 ሚሊ ነው፣ የአዲሷ እግር ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ብረት ላይ 6301 ይላል፣ ያ ማለት ቀዳዳው 12 ነው። እኔ ሌሊቱን ስልኬ ላይ ሳነብ አድሬያለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ "6302 እናስገባላት፣ እሱ ውስጡ 15 ነው" አልኩ። መካኒኩ ዝም ብሎ አየኝ። ለካ 6302 ውስጡ 15 ይሁን እንጂ ውጩ 42 ነው፣ የሞዞዋ ጉድጓድ 37። በዚህ መልኩ እውቀቴ አለቀ።

ቶርኖ ቤት ሄድን። አባባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካሊበሩን አንዴ ሞዞው ውስጥ አንዴ ፔርኖው ላይ አደረጉና "6202 አምጡ፣ ውስጡ 15 ውጩ 35 ነው፣ የቀረውን በቀለበት እንሞላዋለን" አሉ። አንድ ሚሊ የምትወፍር የብረት ቀለበት ቶርኖው ላይ ከዓይናችን ፊት እየተላጠች ወጣች፣ ገና ትኩስ ናት፣ እጃቸው ላይ አንከባለሏት፣ በጎማ መዶሻ ቀስ እያደረጉ ሞዞው ውስጥ አስገቧት፣ ኩሽኔታው እሷ ውስጥ ገባ። "በቃ ቀለበት አሰረች" አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ሒሳቡን እስኪነግሩኝ።

ከቀለበት በኋላ ያለውን ያገባችሁ ታውቁታላችሁ። ካቴናው የሚዞርባቸው የፊተኛውና የኋለኛው ጥርስ አንድ መስመር ላይ ካልዋሉ ካቴናው ጥርሱን ይበላል ወይ ዘሎ ይወጣል፣ መካኒኩ ሲባጎ ወጥሮ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያይ ጎማዋ 7 ሚሊ ወደ ግራ ሄዳለች። ቦኮላ ይጨመር ተባለ፣ ክፍተት የምትሞላ የብረት ቱቦ ናት። ቦኮላው ሲገባ ጎማዋ መሀል ላይ አልሆነችም፣ ሽቦዎቹ ላልተው እንደገና ተወጠሩ። እያንዳንዷ የተፈታች ችግር አንድ ዘመዷን ጠርታ ነው የምትሄደው።

አራተኛው ቀን ላይ "ሞክራት" ተባልኩ። ዳገቷን ወጥቼ ልቆም የኋላ ፍሬን ረገጥ ሳደርግ "ቋ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ፔዳሉ እግሬ ሥር ሰመጠ። ወርጄ ሳይ የፍሬኑ ክዳን ከጎማዋ ጋር ዞሮ ዘንጉን እንደ መንጠቆ አጥፎታል። ለካ የፍሬኑን ክዳን ከሹካው ጋር አስራ እንዳይዞር የምትይዝ አንዲት ብረት አለች፣ የኔዋ ብረት አዲሷ እግር ላይ ስላልደረሰች መካኒኩ ለጊዜው ብሎ በሽቦ አስሯት ነበር። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ይሄን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር። በጣም ተናድጄ ተመለስኩ፣ እሱ ደግሞ ሽቦውን አይቶ "ውይ፣ ይቺን ረስተናታል እኮ" አለኝ። ረስተናታል! ስንረሳ አንድ ላይ ነን፣ ስንከፍል ግን ብቻዬን። ይሄ ነገር ቀልድ የለውም፣ እግር የምትቀይሩ ካላችሁ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቺን ብረት በደንብ በቡሎን ሳታሳስሩ እንዳትነዱ።

ከዛ በኋላ ሄደች። ሄደች ስል ግን ቸርኬው ከመሀሉ ወደ ታች በግማሽ ኢንች አንሷል፣ ጎማው ቀጭን ስለሆነ ሌላ ግማሽ ኢንች፣ ቂጧ ሁለት ሴንቲ ተኩል ወረደ። የሰፈር ልጆች "ሞተሯ ልትሸና ነው" ይሉኛል። በድሮው ፍጥነት ስነዳት ከድሮው አብልጣ ትጮሃለች፣ ጎማው ሲያንስ ሞተሩ ብዙ መዞር አለበት። ከመላ አካላቷ ሳይዋሽ የቀረው የፍጥነት መለኪያው ብቻ ነው፣ እሱ ከፊት ጎማ ስለሚያነብ ኋላ ምን እንደተደረገ አልሰማም።

ትልቁ ጉድ ማቆሚያዋ ላይ ነበር። ቂጧ ሲወርድ የጎን ማቆሚያዋ ረዘመባት፣ ድሮ ግድግዳ እንደተደገፈ ጎረምሳ ዘንበል ብላ የምትቆመዋ ቀጥ ብላ እንደ ዘበኛ ትቆማለች፣ ንፋስ ብቻ ነው የሚበቃት። ቅዳሜ ጠዋት ግቢ አቁሜያት ገባሁ፣ እትዬ በርበሬያቸውን ሸራ ላይ አስጥተዋል፣ ድፍን ያለ ድምፅ ሰማሁ፣ ስወጣ ሞተሯ በቀኝ ጎኗ በርበሬው መሀል ተጋድማ ቤንዚኗን ታጠጣዋለች።

"ልጄ፣ ተርፈሃል?" አሉ እትዬ መጀመሪያ፣ መልካም ሰው ናቸው። በሕይወት መኖሬን ካረጋገጡ በኋላ ግን ስለ በርበሬ ዋጋ ረጅም ንግግር አደረጉ። ከፈልኩ። በኔ ስሌት ውስጥ ከቶርኖው ቀጥሎ ትልቁ የጎማ ወጪ በርበሬ ነው።

መካኒኩ ሲሰማ ምንም አልደነቀውም፣ ግራይንደሩን አስነስቶ ማቆሚያዋን ቆረጣት፣ ጫፏን መልሶ በየዳት፣ እንደ ድሮዋ ዘንበል ብላ ቆመች። ደስ ብሎኝ ቁራጯን ለማስታወሻ ኪሴ ከተትኳት። ገና ከጋራዡ ሳልወጣ ስልኬ ጮኸ። የምናለሽ ተራው ልጅ ነው።

"ወንድሜ፣ ዕድለኛ ነህ! የዲቲ እግር መጣችልህ፣ 18፣ ኦርጅናል!"

መካኒኩን አየሁት፣ ሰምቷል፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ኪሴን በአገጩ አመለከተኝ።

"ቁራጯን አልጣልካትም አይደል? ትገጥማለች።"