ማስተካከያ፦ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው

ባለፈው ስለ አዲስ ተቀጣሪዎች ስጽፍ የሙከራ ጊዜ ከ45 ተከታታይ ቀን አይበልጥም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ያ በቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 የነበረ ነው። አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 11 እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። ይቅርታ፣ የድሮውን ማስታወሻዬን ሳላጣራ ነው የገለበጥኩት።

«የሥራ ቀን» የሚለውን ልብ በሉ። በሳምንት 6 ቀን የምትሠሩ ከሆነ ወደ 10 ሳምንት ይመጣል፤ 5 ቀን ከሆነ ደግሞ 12 ሳምንት። «45ቱ ቀን አልፏል፣ ቋሚ ሆኛለሁ» ብሎ ከአለቃው ጋር የተሟገተ ካለ ጥፋቱ የኔ ነው።

የቀረው እንዳለ ነው። የሙከራ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት። «በቃል ተነጋግረናል» አይሠራም። በሙከራ ጊዜ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ካሳም ሆነ የሥራ ስንብት ክፍያ የለም። ሠራተኛውም እንደዚያው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ጊዜው አልፎ ሥራው ከቀጠለ ግን አገልግሎቱ የሚቆጠረው ሙከራው ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ነው። እዚያው ድርጅት ለዚያው ሥራ ተመልሶ የተቀጠረ ሰው ደግሞ እንደገና አይሞከርም። ይህችን ብዙ ሰው አያውቃትም።

በዚያው ጽሑፍ የመጀመሪያ ዓመት የዓመት ፈቃድ 14 የሥራ ቀን ነው ማለቴም የድሮው ሕግ ነው። አሁን 16 ነው፤ በየ2 ዓመቱም 1 ቀን ይጨመራል።