ግራመር ሳይጨርሱ ፎርም አይሞላም ያለው ማነው?

ወንድሜ፣ «እናቴ የእንግሊዝኛ ግራመሩን ሳትጨርስ ፎርም መሙላት ማስተማር ጊዜ ማጥፋት ነው» ያልከውን ብዙ ሰው ያምንበታል። ግን ልክ አይደለም።

ትልቅ ሰው የሚይዘው ነገ ጠዋት የሚያስፈልገውን ነው። እዚህ አሜሪካ የክሊኒክ ፎርም ውሰድ። ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ ፊርማ። እነዚሁ ቃላት ባንክም ሥራ ማመልከቻም ላይ ተመልሰው ይመጣሉ። እናትህን እዚያ የሚያስቸግራት ግራመር አይደለም። ላስት ኔም ሲላት የአባቷን ስም ይሁን የአያቷን ግራ ይገባታል፤ መታወቂያዋ ላይ እንዳለው መጻፍ እንዳለባት ማንም አልነገራትማ! ቀኑም ላይ እዚህ ወር ነው የሚቀድመው። ጁላይ 3 ለማለት እንደለመደችው 03/07 ብላ ከጻፈች ማርች 7 ተብሎ ይነበብላታል፣ ቀጠሮ ላይ ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም።

አማርኛ የምታነብ ከሆነ ከዜሮ አትጀምርም። ምልክት ድምፅ እንደሚወክል ታውቃለች። የኛ ፊደል አናባቢውን አዝሎ ይመጣል፣ እንግሊዝኛ ግን ለብቻው ይጽፈዋል፣ አንዳንዴም ጽፎት አያነበውም (ጉድ እኮ ነው)። ጊዜ ስጥ ካልክ እዚህ ላይ ስጥ።

ግራመር አይጠቅምም አላልኩም፤ ቀስ ብሎ ይደርሳል። የዜግነት ፈተናው እንኳ በንባብ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን፣ በጽሑፍም ከሦስት አንዱን በትክክል ከሠራች ያሳልፋታል። 50 ዓመት ሞልቷት በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረች ከሆነችማ ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ናት፣ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአማርኛ መመለስ ትችላለች።