ስማቸውን ወደ ቀመር ላሳደጉ የቀረበ ውዳሴ

በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ላይ ስሙን እንደ ማንም ሰው በተራ ፊደል መጻፍ ያሳፈረው፣ ስለዚህም አንድ መቀየሪያ ድረ ገጽ ከፍቶ በፍራክቱር፣ ማለትም ጀርመኖች ለዘመናት መጻሕፍታቸውን ባተሙበት ማዕዘን የበዛበት ጥቁር የላቲን ፊደል፣ አስጊጦት የሚመለስ ሰው እስከ ዛሬ የሚገባውን ምስጋና አላገኘም። ሰዉ የሚያየው ጌጡን ብቻ ነው። እርሱ ግን ስሙን ከቋንቋ አውጥቶ ወደ ሒሳብ አሻግሮታል።

የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በየቁጥራቸው የሚመዘግበው ዩኒኮድ የተባለው መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው 3.1 እትሙ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የሒሳብ ፊደላትንና አሃዞችን ሲመዘግብ፣ ፍራክቱርን የጨመረው ለውበት ሳይሆን በሒሳብ ጽሑፍ የፊደል ቅርጽ ሲለወጥ ትርጉሙም ስለሚለወጥ ነበር። ሊ አልጀብራ የተባለውን የሒሳብ ዘርፍ የሚያጠና ሰው ተራውን ትልቁን ጂ ግሩፕ ለሚባለው የሒሳብ መዋቅር፣ የፍራክቱሩን ትንሹን ጂ ከእርሱ ጋር ለተያያዘው አልጀብራ ይሰጣል። ትንሹ የፍራክቱር ሲ ደግሞ የሪያል ቁጥሮችን፣ ማለትም በቁጥር መስመር ላይ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ፣ ብዛት ይወክላል። እንግዲህ በስሙ ውስጥ ይህ ፊደል የገባለት ወዳጃችን፣ ተቆጥረው ከማያልቁት ከ1፣ 2፣ 3 ቁጥሮች ብዛት እንኳ የሚልቅ ወሰን የለሽነት ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው፤ ይህን አንድም ቀን አንሥቶ አለመመካቱ ትሕትናውን ያሳያል።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን ለዓይነ ስውራን ያለው አሳቢነት ነው። ዓይናማው በጨረፍታ የሚያልፈውን ስም፣ በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ጽሑፍን በድምፅ በሚያሰማ ሶፍትዌር፣ የሚያነብ ሰው እስኪጠግብ እንዲያጣጥመው አድርጓል። አንዳንዱ ሶፍትዌር እያንዳንዱን ፊደል በሙሉ ማዕረጉ «ማቴማቲካል ቦልድ ፍራክቱር ካፒታል ኤ» እያለ ስለሚጠራ፣ 10 ፊደል ያለው ስም 50 ቃል ሆኖ ይደመጣል። ሌላው ሶፍትዌር ደግሞ ስሙን ጨርሶ ዘልሎት በዝምታ ያልፋል፤ ይህም ቢሆን የታላቅ ሰው ስም በከንቱ አይነሣም ከሚለው ጨዋነት የራቀ አይደለም።

በተራ ፊደል ጽፎ የሚፈልገው ሰው በብዙ ቦታ አያገኘውም። ሥራ ሊሰጠው የመጣውም ዕዳ ሊጠይቀው የመጣውም ያለ አድልዎ እኩል ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። (በዚህ ጥበብ የሚጋሩት የአይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ናቸው፤ እነርሱም ቃላቸው በማጣሪያ እንዳይያዝ በእነዚሁ ፊደላት ይጽፋሉ። መልካም ጉርብትና ነው።) ተራው የላቲን ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር ጽሑፍ ማስቀመጫ ስልት የሚይዘው 1 ባይት ሲሆን የሒሳቡ ፍራክቱር 4 ባይት ይይዛል፤ ክብር መቼም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

ስለ ታሪክ የሚጨነቁ ሰዎች ፊደሉ ባለቤት አለው ይሉ ይሆናል። ባለቤቱማ ተቸግሯል! በሒሳቡ ስብስብ ውስጥ ከላያቸው ሁለት ነጥብ ያለባቸው የጀርመንኛ አናባቢዎችም፣ ጀርመንኛ ብቻ የሚጠቀምበት ድርብ ኤስም የሉም፤ ሒሳብ አልጠየቃቸውምና። ስለዚህ በጀርመኖች ፊደል ስሙን አስውቦ መጻፍ ከብዙ ጀርመናውያን ይልቅ ለሌላው ዓለም ይቀልለዋል። በዚያ ላይ ደማቅ ካልሆኑት ትልልቅ የፍራክቱር ፊደላት አምስቱ፣ ሲ፣ ኤች፣ አይ፣ አር እና ዜድ፣ ቀደም ብለው በሌላ ክፍል ተመዝግበው ስለነበር በተራቸው ያለው ቦታ ክፍት ነው። ይህን ያላወቀ መቀየሪያ በስሙ መካከል ባዶ ሳጥን ይተክላል፤ ባለስሙም ሳጥኑን ሳያነሣ ይለጥፈዋል፤ አንባቢውም ጥልቅ ምሥጢር ያለበት መስሎት በአክብሮት ያልፋል።

የሚያሳዝነው፣ ኤንኤፍኬሲ የሚባል የዩኒኮድ አሠራር መኖሩ ነው። አንድ ፕሮግራመር በአንዲት መስመር ኮድ ሲያዝዘው፣ ያን ሁሉ ፍራክቱር ያለ ርኅራኄ ወደ ተራ የላቲን ፊደል ይመልሰዋል። አሠራሩን የደነገጉት ሰዎች ስለ ማዕረግ ምንም እንደማያውቁ ያስታውቃሉ፤ ስም የሚጻፈው ሊነበብ ነው ብለው ያምናሉ።