በውድ ጊታር ላይ ወርቅ ቅብ ለምን ይጫንብናል?

በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ የኤሌክትሪክ ጊታር የሚገዛ ሰው ከጥቁሩ ጠንካራ እንጨት ከዞጲ የተሠራ ፍሬትቦርድ (በአንገቱ ላይ ጣቶች ክሩን የሚጫኑበት ሰሌዳ) ስለፈለገ ብቻ ወርቅ ቅብ መቃኛና ብሪጅ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ብረት) አብሮ እንዲወስድ መገደዱ እጅግ ያበሳጨኛል። የአሜሪካው ጊታር አምራች ጊብሰን በ1954 እ.ኤ.አ. ሌስ ፖል ካስተም የተባለውን ጊታር በጥቁር ቀለም፣ በዞጲ ፍሬትቦርድና በወርቅ ቅብ ብረቶች ካወጣ ወዲህ ይህ ጥምረት የክብር ምልክት ሆኖ ቀርቷል፤ ሌሎች አምራቾችም ገዢውን ሳይጠይቁ ተከትለውታል።

ወርቅ ለስላሳ ብረት ነው፤ በጊታር ብረቶች ላይ የሚለበጠውም እጅግ ስስ ሽፋን ነው። እዚህ ሜሪላንድ በሐበሻ ሠርግ ላይ ሌሊቱን የሚጫወት፣ ክሩን ለማፈን መዳፉን ብሪጁ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ላቡ ቅቡን በልቶ ከሥሩ ያለውን ኒኬል ያወጣዋል። የእኔም እንዲሁ ሆነ። ሻጩ «የአጠቃቀም እርጅና ስለሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም» ብሎ አሰናበተኝ። የክሮም ቅብ ግን ጠንካራ ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፣ የኒኬል ቅብም አብዛኛውን ጊዜ ቢደበዝዝ እንጂ አይላጥም፤ ታዲያ ለተጫዋቹ የሚበጀው ለርካሹ ጊታር፣ የሚላጠው ለውዱ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

በእንጨቱ በኩል ችግር ቢኖር እረዳለሁ። ለፍሬትቦርድ የሚሆነው የብራዚል ሮዝውድ የተባለው እንጨት ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለንግድ ከድንበር እንዳይሻገር ታግዷል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሎቹ የሮዝውድ ዝርያዎች ቁጥጥር ሲጣልባቸው፣ ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ነፃ እስኪወጡ ድረስ ብዙ አምራቾች ሌላ እንጨት ለመተካት ተገደዋል። በካሜሩን ጫካ ደግሞ ገዢው ጥቁሩን ብቻ ስለሚፈልግ ቡናማ መስመር ያለው ዞጲ ተቆርጦ እዚያው ሲጣል ኖሯል። ለእጅ የሚሰማው ጥንካሬውና ልስላሴው ስለሆነ እኔ መስመር ያለውን በደስታ እወስዳለሁ። የምለምነው የእንጨቱ ስም፣ ቀለም የተነከረ መሆን አለመሆኑም በግልጽ እንዲጻፍልኝ ነው፤ «ጥቁር ፍሬትቦርድ» የሚል መግለጫ ምኑን ይነግረኛል?

ለብረቱ ቀለም ግን እንዲህ ያለ ምክንያት የለም፤ ክሮም የሚከለክል ሕግም የክሮም እጥረትም አልሰማሁም። ብሪጁን ብቻ በራሴ ወጪ ልለውጥ ብል ከቀረው ወርቅ ጋር አይገጥምም፤ መቃኛዎቹ፣ የማንገቻው ቁልፎች፣ ብሎኖቹ ሁሉ መለወጥ አለባቸው፤ የፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል) ክዳን ለማንሣትም ብየዳው መፈታት ስላለበት፣ አዲስ ለገዛሁት ጊታር ለባለሙያ ሌላ ገንዘብ እከፍላለሁ።